የባሕር ዐውሎ ነፋስና የአንኮበር ዝናብ
ከባድ ዝናብንና ጎርፍን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

ሀ. የጽሑፉ ዓላማ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖር ገበሬ በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም በጎታው ያስቀመጠውን የገብስ ዘር አሁን ይዝራው ወይስ ጥቂት ይቆይ የሚል ነው። ዝናቡ መጣ ብሎ ዘርቶ ዝናቡ ቢቋረጥበት ዘሩ በቅሎ ይደርቃል። እጠብቃለሁ ብሎ ወራቱ ቢያልፍበት ደግሞ አዝመራው ሳይደርስ የክረምቱ ዶፍ ይደርስበታል። ከእርሱ በታች በቆላው፣ በአዋሽ ዳር የሚኖረው የአፋር ከብት አርቢ ሌላ ጥያቄ አለው። በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ከሰፈሩ የሚደርሰው መቼ ነው? ከብቱንና ልጆቹን ለማሸሽስ ስንት ሰዓት አለው?

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጥያቄ መልሱ በከፊል የሚገኘው ከሁለቱም በጣም ርቆ፣ በሕንድ ውቅያኖስና በዐረብ ባሕር ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ተናግረን፣ ቀጥለን ዐውሎ ነፋስ በባሕር ላይ እንዴት እንደሚወለድና ለሰሜን ሸዋ ዝናብን እንዴት እንደሚሰጥ ወይም እንደሚነሣ እንገልጻለን። ከዚያም ከባድ ዝናብ በአንኮበር ገደል ላይ የሚያደርሰውን፣ ትንበያውም የሚዘጋጅበትን መንገድ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለ. የአገሩ አቀማመጥና ወቅቶቹ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳማ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደጋው በድንገት ይቆረጥና የአንኮበር ገደል ይጀምራል። ከአንኮበር ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የአፋርን ሜዳ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ወረር ከፍታው 740 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአንኮበር በላይ ያለው ተራራ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በአየር መስመር ከ60 ኪሎ ሜትር የበለጠ አይደለም። እንግዲህ ከምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ በዚህች አጭር መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ግድ ይሆንበታል። በኋላ እንደምንገልጸው የአካባቢው ዝናብ ጠባይ በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ተራራ የውኃ መለያያም ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በደብረ ብርሃን በኩል በሚያልፈው በበሬሳ ገብቶ፣ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው በአይራራና በሌሎችም ወንዞች አማካይነት ወደ አዋሽ ይገባል። ከሰምም ከዚሁ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚወርደው የደጋው ጎርፍ ማረፊያው የአፋር ሜዳ ነው። የባሕር ጠረፍ ላላቸው አገሮች የባሕሩ ዳር የሚያስፈራውን ያህል ለእኛ የሚያስፈራው ይህ የገደሉ ግርጌ ነው ማለት ይቻላል።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የአገራችንን ዓመት በሦስት ይከፍሉታል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይባላል። ደብረ ብርሃን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንዲህ ከሆነ የበልጉ ዝናብ ጥቂት ስለ ሆነ አያሳስብም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በክረምት የደጋው ጥቁር መሬት ውኃ ቋጥሮ ሰብሉን ያበሰብሳል፤ በረዶም ይመታዋል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ውርጭ ያቃጥለዋል። በልግ ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ የሚያጭደው ገበሬ ከእነዚህ ጠላቶች አብዛኛውን ያመልጣል፤ እህሉም የሚደርስለት ጎታው ባዶ በሆነበት ወራት ነው። ስለዚህ በ1991 ዓ.ም. በልጉ በቀረ ጊዜ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ብዙ ሕዝብ ለችግር ተዳርጓል። የክረምቱ ዝናብ ቢመጣም፣ ለበልግ የታሰበውን እንጀራ ሊመልሰው አልቻለም።

ሐ. ዐውሎ ነፋስ በባሕር ላይ እንዴት ይወለዳል?

በእሳት ላይ የተጣደ ድስት ክዳኑ ሲነሣ የምናየው ነገር ለዚህ ጥናት መግቢያ ይሆነናል። ከውኃው የተነሣው እንፋሎት ክዳኑን ሲነካ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ በዚያው ጊዜ ክዳኑን ያግለዋል። ውኃው እንፋሎት ለመሆን ከእሳቱ የወሰደውን ሙቀት ጠብታ ሲሆን ይመልሰዋልና። በባሕር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ፀሐይ ባሕሩን ታሞቃለች፤ ከባሕሩ የሚነሣው ተን ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመና ሲሆንም ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል። የሞቀው አየር ቀላል ስለ ሆነ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ባዶውን ለመሙላት ከየአቅጣጫው ሌላ እርጥብ አየር ይሮጣል። ይህ ክብ ሥራ እየበረታ ሲሄድ ዐውሎ ነፋስ ይሆናል።

ይህ እንዲሆን ግን ብዙ ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው። የባሕሩ ፊት ሙቀት ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ወይም ማለፍ አለበት። በመካከለኛው ከፍታ ያለው አየር እርጥብ መሆን አለበት። የላይኛውና የታችኛው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ በጣም የተለያየ እንደ ሆነ ደመናው ይቆራረጣልና ልዩነቱ ጥቂት መሆን አለበት። በመጨረሻም ስፍራው ከምድር ወገብ አምስት ዲግሪ ያህል መራቅ አለበት፤ ነፋሱን የሚያሽከረክረው የምድር መዞር ኃይል በምድር ወገብ አጠገብ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ በደቡብ በማዳጋስካር አጠገብ የተወለደ ዐውሎ ነፋስ የምድርን ወገብ ተሻግሮ ወደ እኛ አይመጣም።

በዐረብ ባሕር ዐውሎ ነፋስ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦትና በሰኔ፣ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሐምሌና በነሐሴ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ እርስ በርሱ እጅግ ስለሚቃረን ዐውሎው አይጠናም። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ግን ወራቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ ከበልጋችን ጋር ይገናኛልና።

ወደ ቀንዱ አገር ከመጡት መካከል ሁለቱን እንጥቀስ። ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመጓዝ፣ ግንቦት 11 ቀን በሶማሌላንድ ጠረፍ በሉግሃያ አጠገብ ወደ ምድር ገባ። ከሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተነሡት ሁሉ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ገፍቶ የብስ የረገጠ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። የጅቡቲ ከተማ በዓመት ከምታገኘው ጋር የሚቀራረብ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወርዶባት በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ጋቲ የተባለው ደግሞ ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በሶማልያ በሐፉን አጠገብ የብስ ረገጠ። ጋቲ ኃይሉን የጨመረው እጅግ በአጭር ጊዜ ነበርና ስሙም በሕንድ ቋንቋ ፍጥነት ማለት መሆኑ የተገባ ሆነ። እንዲህ ያለው ዐውሎ ነፋስ በጠረፍ ላይ ሁለት ጎርፍ ያመጣል። አንዱ ከሰማይ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ባሕሩን ወደ የብስ ገፍቶ የሚያመጣው የባሕር ሙላት ነው። በየብስ ላይ ግን ማገዶው የሆነው ሞቃት ባሕር ስለሚቀርበት ቶሎ ይሞታል። የአንኮበር ቤቶች በባሕር ዐውሎ ነፋስ ጣራቸው ተገፎ የማያውቀው ስለዚህ ነው።

መ. ዐውሎ ነፋሱ የሚሰጠውና የሚነሣው

ነፋሱ ካልደረሰብን ምን ያገባናል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ እንደሚከተለው ነው። የበልግ ዝናብ የሚመጣው ከዐረብ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ አገራችን ሲገባና ከሰሜን ከሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ነው። ዐውሎ ነፋስ ደግሞ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ ትልቅ መምጠጫ ነው። እንግዲህ በየካቲትና በመጋቢት በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ፣ ወደ እኛ ሊመጣ የነበረው እርጥበት መንገዱን ለውጦ ወደዚያ ይሳባል። በእኛ በኩል ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐይ ይበረታል፤ የበቀለው ገብስ ይጠወልጋል።

ይህን ጉዳይ በስታቲስቲክስ የመረመሩት በብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን ናቸው። ባወጡት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋስ የበዛባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ከድርቅ ዓመታት ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነው። በሞዛምቢክ ቤት የሚያፈርሰው ዐውሎ ነፋስና በአንኮበር ዘር የሚያደርቀው ፀሐይ የአንድ ነገር ሁለት ፊቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ዐውሎ ነፋስ ሁሉ ዝናብ ይነሣል ብሎ መደምደም አይገባም። ወሳኙ የቆመበት ስፍራ ነው። ለዚህ የሁለት ተከታታይ ዓመታትን ነገር ከጎረቤት አገሮች ብንመለከት ይበቃል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሞዛምቢክ የባሕር ሰርጥ ከቆየ በኋላ የቤይራን ከተማ በመታ ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በዚያ ወር ይጠበቅ የነበረው ዝናብ ዘገየ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ዱማዚሌና ኤሊያኪም የተባሉት በማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ሲያልፉ፣ ከኮንጎ በኩል እርጥብ የምዕራብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ተስቦ በኬንያ ከልክ ያለፈ ዝናብ እንዲጥል ረዱ። ወሩ አንድ፣ ባሕሩም አንድ ሲሆን፣ በቆሙበት ስፍራ ልዩነት አንዱ ድርቅ ሌላው ጎርፍ አመጣ። በሰሜን በኩልም እንደዚሁ ነው። እንደ ሳጋር በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናብ ሲያመጣ፣ ወደ ዖማን ወይም ወደ ሕንድ የሚያመራው ግን እርጥበቱን ይዞብን ይሄዳል። ስለዚህ የትንበያ ሠራተኛ የሚጠይቀው «ዐውሎ ነፋስ ተነሥቷልን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የት ቆሞ፣ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ነው።

ሠ. ከባድ ዝናብ በገደሉ ላይ

እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ደመና ሳይሆን በየመቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል፣ ደመና ከሆነ በኋላ ግን ከዚያ ባነሰ መጠን ሙቀቱ ይቀንሳል። ከአዋሽ ሜዳ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚወጣው ነፋስ በመንገዱ ይህን ያህል ስለሚቀዘቅዝ የያዘውን ውኃ በገደሉ ላይ ይጥለዋል። ከቆላው የሚነሣው ጉም አንኮበርን የሚሸፍነው በዚሁ ምክንያት ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ነፋሱ ከየት እንደሚነሣና ጉሙ ከየት እንደሚወጣ መመልከታቸው ከንቱ ልማድ አይደለም፤ የእርጥበቱን መንገድ በዓይን መከተል ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደላማ አገር ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢወርድ 5,000,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። መሬቱ ደረቅና ደን የለበሰ ቢሆን ከዚህ ብዙውን ይጠጣው ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ግን መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል፤ ቁልቁለቱም ታርሷል። ስለዚህ ውኃው ሁለት ነገር ያደርጋል።

አንደኛ፣ ወደ መሬት የገባው ውኃ ቁልቁለቱን አክብዶ ያንሸራትተዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ የደረሰው የመሬት ናዳ የክረምቱ ዝናብ ካጠገበው ቁልቁለት የተነሣ ሲሆን፣ መኖሪያ ቤቶችንና ማሳዎችን ደምስሶ ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቀለ። ናዳው የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አደጋው የሚመጣው በአንድ ቀን ዶፍ ብቻ ሳይሆን በወራት ክምችትም ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ መሬት ያልገባው ውኃ ደራሽ ሆኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። ደራሽ የሚገድለው ዝናቡ የጣለበትን ሰው ሳይሆን ዝናብ ያላየውን ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት በላይኛው በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ የተኙ ሰዎችን ወሰደ፤ ከ200 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። አዋሽም በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። የክረምቱ ዝናብ እንደ በልጉ ከባሕር ዐውሎ ነፋስ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ዝናቡን የሚያመጣው ከምዕራብ ከኮንጎና ከአትላንቲክ በኩል፣ ደግሞም ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት በሚገናኝበት ቀበቶ ነው። በገደሉ ላይ የሚሆነው ግን እርጥበቱ ከየትም ይምጣ አንድ ነው።

ረ. ትንበያው እንዴት ይዘጋጃል?

በባሕር ላይ የሚበቅለውን ዐውሎ ነፋስ በመጀመሪያ የሚያዩት በሰማይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። የሰሜኑን ሕንድ ውቅያኖስ በኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ የደቡብ ምዕራቡን ደግሞ በሬዩንዮን ደሴት ያለው የፈረንሳይ መሥሪያ ቤት ይከታተሉታል፤ ማስጠንቀቂያቸውንም ለአገሮች ሁሉ ይልካሉ። ቀጥሎ የአየሩ ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በኮምፒዩተር ይሰላል። መነሻው ጥቂት ቢሳሳት መጨረሻው ብዙ ስለሚሳሳት፣ ሒሳቡ መነሻው በጥቂቱ እየተለወጠ ብዙ ጊዜ ይደገማል። ውጤቶቹ ተቀራርበው ከተገኙ እምነቱ ይጨምራል፤ ከተበታተኑ ግን ሠራተኛው በጥንቃቄ ይናገራል። የዐውሎ ነፋሱን መንገድ ጥቂት ቀን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በአንድ ሸንተረር ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ማወቅ ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል።

በአገራችን የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የወቅት ትንበያ ማውጣት ጀመረ። ዘዴው በከፊል ያለፉትን ዓመታት መመልከት ነው፤ የዘንድሮው የባሕር ሙቀት የትኛውን ዓመት ይመስላል? በዚያ ዓመትስ ዝናቡ እንዴት ነበር? ብሎ መጠየቅ ነው። ውጤቱም ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል በመቶኛ ይገለጻል።

እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት አለ። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ተብሎ ቢነገር፣ ብዙ ሰው «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ተባለ ብሎ ይሰማዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ያለ ትንበያ በተነገረባቸው መቶ ዓመታት በ55ቱ ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ገበሬ ዘሩን ሁሉ አይዘራም፤ ሁሉንም አያስቀምጥም። ከፊሉን በመጀመሪያው ዝናብ ዘርቶ ከፊሉን ያቆያል። ያልተረዳው ግን አንድ ጊዜ ዝናብ የለም የተባለ መስሎት ዝናቡ ከመጣ በሚቀጥለው ዓመት ትንበያውን አይሰማም።

ሰ. ምን ይደረግ?

ከላይ ከገለጽነው በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው ለበልግ ትንበያ በየካቲትና በመጋቢት በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣውን ዐውሎ ነፋስ ለገበሬው በሚገባ ቋንቋ መግለጽ ነው። «ከመደበኛ በታች» ከማለት «የመጣው ዝናብ ለአሥር ቀን ሊቋረጥ ይችላልና ዘራችሁን ከፍላችሁ ዝሩ» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል። ገበሬው መወሰን ያለበት የወቅቱን ድምር ሳይሆን የመዝሪያውን ሳምንት ነው።

ሁለተኛው የዝናብ መለኪያን በገደሉ ላይ ማብዛት ነው። የደብረ ብርሃን መለኪያ የሜዳውን ዝናብ እንጂ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በአንኮበር ገደል ላይ የሚጥለውን አይናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ቀላል ነው፤ ልኩን በየጥዋቱ የሚጽፍ አንድ ታማኝ ሰው ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ይበቃዋል። ተማሪዎቹም የሒሳብና የጂኦግራፊ ትምህርታቸውን በገዛ አገራቸው ላይ ይማሩበታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ወሬው ከውኃው ቀድሞ እንዲወርድ ማድረግ ነው። በአንኮበርና በጠራ በር ተራሮች የጣለ ዶፍ ከአዋሽ ሜዳ የሚደርሰው ሰዓታት ፈጅቶ ነው። እነዚህ ሰዓታት ለአንድ ቤተሰብ ሕፃናትንና ከብትን ወደ ከፍታ ለማውጣት ይበቃሉ። ዛሬ ስልክ በደጋውም በቆላውም አለ። የሚጎድለው በላይ ያለው ማንን፣ በስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ጊዜ እንደሚጠራ አስቀድሞ የተወሰነ ስምምነት ነው። ደገኛው አማርኛ፣ ቆለኛው አፋርኛ ስለሚናገሩ መልእክቱ በሁለቱም ቋንቋ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

የባሕሩን ዐውሎ ነፋስ ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ ተራራውም ነፋሱን ሽቅብ ማስወጣቱን አይተውም። በሰው እጅ ያለው በውኃውና በወሬው መካከል ያለው ጊዜ ነው። በተከታዩ ጥናት ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበርና ከመልካ ወረር የዝናብ መዝገቦችን አንድ ላይ አድርገን የዶፍ ቀኖቻቸው ምን ያህል እንደሚገጥሙ መመርመር ይገባል እንላለን። ይህን ሥራ ለመቀጠል የሚፈልጉ ጓደኞቻችን መነሻ እንዲሆናቸው ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።